ለታዘብኩሽ ኢንሹራንስ ልግባ?

ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ልማዴ ደጅ ወጥቼ «ታዘብኩሽ! ና፣ ብላ!» ብዬ ጮህኩ። ውሻዬ ነው። ስሙ ግን የወጣው ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ሸዋገነት ነው። የቆርቆሮ አጥሯን አንድ ስንዝር ወደ ግቢዬ የገፋች ጊዜ ክስ አልመሠረትኩም... ቡችላ አመጣሁ። ይኸው ስድስት ዓመት በሕግ አምላክ ሳልባል ስታዘባት ኖርኩ። ውሻ ጠርቶ የታሰረ ሰው አለ?

ከሰዓት ኤልናታን መጣ። የሰፈራችን ልጅ፣ ኢንሹራንስ ከተቀጠረ ወዲህ በከረባት የሚታነቅ።

«ጋሼ፣ ለውሻ ኢንሹራንስ ጀምረናል።»

«ለእኔስ?»

«እርስዎ ዕድሜዎ አልፏል።»

ተከበርን!

ጥቅምት 5

ኢንሹራንሱ የጡረታዬን ሩብ ይበላል። ለሐበሻ ውሻ! ኮልፌ ገበያ ቢሰማ መሳቂያ ነኝ። ግን አምና አየር ጤና ላይ ሚኒባስ እግሩን ሲመታው ለሐኪም ብዬ የሚስቴን ቁም ሳጥን ሸጥኩ። እሷ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍሰው እሱ ብቻ ነው። ደግሞ ቢታመም ምን ልሸጥ? አልጋውን?

ጥቅምት 9

እሺ አልኩ። ኤልናታን ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ሐኪም በሚያየው ቀን ውሻው በስሙ ሲጠራ ይምጣ። «ቢጫ ውሻ ሁሉ አንድ መልክ ነው፣ ጋሼ። የሰው ሬሳ አምጥተው... ማለቴ የሰው ውሻ ሬሳ አምጥተው ካሳ የሚጠይቁ አሉ።» ሁለተኛ፣ እንደማይናከስ የቅርብ ጎረቤት ይመስክር።

የቅርብ ጎረቤት። ማን? እሷ!

ጥቅምት 10

አንኳኳሁ። ሞት ይሻለኝ ነበር።

«እመሰክራለሁ» አለች። «ስሙን ግን ይቀይሩልኝ።»

«ማን ልበለው?»

«ታረቅን።»

«ሳንታረቅ?»

«ውሻውስ መቼ ታዘበኝ?»

ተስማማሁ። ኤልናታን በአዲሱ ስም መዘገበው።

ጥቅምት 14

«ታረቅን! ታረቅን!» ስል ዋልኩ። ዞር ብሎም አያየኝ። አጥንት ሳሳየው ብቻ ይመጣል። ልክ እንደ ሰው... ጥቅም ሲያይ ይታረቃል።

በድምፅ ማጉያ የሚለፍፍ መኪና አለፈ። ለባዘኑ ውሾች መርዝ ስለሚጣል ውሻችሁን እሰሩ ይላል። በገመድ አሰርኩት።

ጥቅምት 16

ሐኪሙና ኤልናታን መጡ። ሸዋገነት ልትመሰክር ደጇ ላይ ቆማለች። ሐኪሙ «ይፈታና ይጠራ» አለ። ፈታሁት። መርፌውን አየ መሰለኝ፣ ገርበብ ባለው በር ተፈተለከ። ቱቦው ዳር ሥጋ ወድቋል።

«ታረቅን!» አልኩ። አልዞረም። «ታረቅን! ታረቅን!»

በድሮ ስሙ መጥራት ነበረብኝ። ግን ኤልናታን አጠገቤ ቆሟል። ኢንሹራንሱ ይበላሽብኛል ብዬ... እውነት ይህን አሰብኩ? አዎ፣ አሰብኩ።

ሸዋገነት ነጠላዋ እየወደቀ ሮጠች። «ታዘብኩሽ! ኧረ ታዘብኩሽ፣ ና!» ሰፈር እስኪሰማ። በገዛ አንደበቷ።

ዞረ። ጭራውን እየቆላ ወደ እሷ መጣ።

ውጦታል።

ሐኪሙ የሚችለውን አደረገ። የቀረውን አልጽፈውም።

ጥቅምት 17

ኤልናታን ደወለ። «ጋሼ፣ ውሉ ስላልተፈረመ...»

«ገብቶኛል።»

«ሌላ ውሻ ካመጡ ግን ቅናሽ...»

ዘጋሁበት። ያዋጣል? አያዋጣም? ስል ሰነበትኩ፣ ታላቁ ተመራማሪ! የሚያዋጣው ገመዱ ነበር።

ኅዳር 3

ሸዋገነት መጣች። ስለ አጥሩ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ይበሉ ብላት እምቢ አለች።

«ግቢዎ ጭር አለ። ሌባ ቢገባ ማን ይጮሃል?»

«እኔ።»

«እስቲ ይሞክሩ።»

እያሾፈች መሆኑ ነው። እኔም ላሾፍ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ጩኸት አልነበረም... ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ ማቆም አቃተኝ።

ሄዳ የውጭውን በር ዘጋችና እስኪወጣልኝ ቆመች።