ድምፅዎ ከልጄ አልበም እንዲወጣ ስለ መጠየቅዎ

በኦክላንድ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ለሆኑት፣ ለተከበሩ አቶ ክንፉ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የጉሮሮ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ አሁን ብዙ ሰው የሚሰማው ጉሮሮ ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች ወደ ቤቴ ልከው፣ ልጄ ፀደይ ከባንዷ ተለይታ ለብቻዋ ባወጣችው የመጀመሪያ የሮክ አልበም ውስጥ የሚሰማው ድምፅዎ እንዲወጣ ጠይቀዋል። ሽማግሌ አይናቅምና ቤት ያፈራውን ቀምሰው ሄደዋል። መልሱን ግን እነርሱን ማሸከም ነውር ስለመሰለኝ፣ እንደሚከተለው በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩. ፀደይ አልበሟን በማኅበራችን አዳራሽ ለማስመረቅ ስትጠይቅ፣ እርሷን መከልከሉ አንሶብዎት ለእኔም ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ። «ጋሽ ዘርትሁን፣ አስተዳደግ የበደላትን ልጅ መድረካችን ላይ አላወጣም። እኛም ልጆች አሉን። ደግሞ መልሰው ኮል እንዳያደርጉልኝ፣ ቢዚ ነኝ» ነበር ያሉት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ያሳደግኋት እኔ ስለሆንሁ፣ ስድቡ ለማን እንደተላከ ለመረዳት አልተቸገርሁም።

፪. ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ስለሚመልሱልን አማርኛ አይሰሙም ብለው በማመንዎም አመሰግናለሁ። መልእክቱን ስከፍተው ፀደይ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ሴንድ ኢት ቱ ሚ፣ አባ» አለችኝ፤ ላክሁላት። ዛሬ የአልበሙ ሦስተኛ ዘፈን በእርስዎ ድምፅ ይጀምራል። አዳራሽ ስለነፈጉን ምርቃቱ አፕታውን በሚባለው ሰፈር በሚገኝ መጠጥ ቤት ተደረገ፤ እዚያም አንድ ቃል አማርኛ የማያውቁ ወጣቶች «አስተዳደግ የበደላት» እያሉ ከተቀዳው ድምፅዎ ጋር በአንድነት ሲዘፍኑ ነበር።

፫. ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ አልወድም፤ ልጄ ስለዘፈነችውም አልወደድሁትም። በምርቃቱም ላይ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ነበር የተቀመጥሁት። የእርስዎ ዘፈን ሲደርስ ግን ጥጡን አወጣሁ። ስለዚያ ደስታ ውለታዎ አለብኝ።

ጥያቄዎን በተመለከተ፣ ድምፅዎ አይወጣም። ፀደይ ሽማግሌዎቹን አክብራ ልታወጣው ፈልጋ ነበር፤ የከለከልኋት እኔ ነኝ። ስድቡን ለብቻዬ በስልክ ነግረውኛል፤ ይቅርታውን ግን በዚያው በነፈጓት አዳራሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ለእርሷ በአማርኛ ይንገሯት። የዚያን ቀን ጥያቄዎን እንደገና አየዋለሁ። ያለዚያ በየሳምንቱ ሽማግሌ ቢልኩ በየሳምንቱ ምሳ አበላቸዋለሁ እንጂ ሌላ መልስ የለኝም።

ብዙ ያልተማረው ግን የሰማውን የማይረሳው፣ አስተዳደግ በበደላት ልጁ የሚኮራው፣ የማኅበርዎ መሥራች አባልና ታዛዥዎ

ዘርትሁን ሀብተሥላሴ

ማሳሰቢያ፦ ፀደይ በሚቀጥለው ወር ሳን ሆዜ ትዘፍናለች፤ ከፊት ለፊት ወንበር አስይዤልዎታለሁ። የእርስዎ ዘፈን የዚያ ምሽት መክፈቻ ስለሆነ እንደ ስብሰባችን አርፍደው እንዳይመጡ። ሕዝቡ ሲዘፍን ግጥሙ ይጠፋዎታል ብዬ አልሰጋም፤ ደራሲው እርስዎ ነዎት።