በቀኝሽ በኩል ያለው ወንበር

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእታለም፦

እንደምን ሰንብተሻል? ቀኝ እጅሽ እንዴት ነው፣ ማንኪያ መያዝ ጀመረ ወይስ አሁንም እንዳኮረፈ ነው? ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ? መድኃኒቱን ሳታጓድዪ ትውጫለሽ ወይስ ባለቤትሽን ጋሼን ታስለምኚዋለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት ፊቴን እንደ ሕፃን አለስልሶታል፤ ወፍጮ የምትዪው አፌም እህል ኖረውም አልኖረው ይፈጫል።

እታለም፣ ደስታዬን የት ላድርሰው። ልጅሽ ልትዳር ነው፣ ያውም እኔ ባለሁበት ከተማ። የሙሽራው ዘመድ በየአገሩ የተበተነ፣ የእሷም ሥራ ሌላ አገር፤ ለሁሉም፣ ለአንቺም ጭምር፣ ቪዛው የቀለለው እዚህ ሆነና የድግሱን ምግብ ቤት መምረጡ በእኔ ላይ ወደቀ። ከደስታዬ ብዛት አንሶላውን ከፎጣው ደባልቄ፣ አለቃዬ የምታገቢው አንቺ ነሽ እንዴ አለችኝ።

በማግስቱ ጋሼ ደወለና አልሄድም ብላለች አለኝ። ስትሮኩ ግማሽ ፊትሽን ከጣለው ወዲህ፣ ሁሉም በልቶ ከተነሣ በኋላ ጓዳ ገብተሽ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ እንደምትበዪ ነገረኝ። "ሾርባ በአገጬ እያወረድኩ ልጄን በባዳ ፊት አላዋርዳትም" አልሽ አሉ። በሽታው ዳግመኛ ከመጣ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ያለውንም ነገረኝ፤ አንቺም ታውቂዋለሽና አልደግመውም። ያን ቀን እንፋሎቱ በጀኝ፤ ሳለቅስ ማንም አላወቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት በምግቡ መምረጥ ቀረ። ከሥራ ስወጣ ፎጣ በቦርሳዬ ይዤ በየምግብ ቤቱ እገባለሁ፤ አንቺን እንዴት እንደሚያስተናግዱሽ ላይ፣ ፎጣውን አንገቴ ላይ አስሬ፣ እንዳንቺ በግራ እጄ፣ በግማሽ አፌ ሾርባ እበላለሁ። ታናሽሽ አብዳለች በይ። ባሕሩ ዳር ያለው፣ መስታወት በመስታወት የሆነው ቤት አስተናጋጅ አንዴ አየኝና፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ አዛወረኝ። የሌላው ቤት ባለቤት ደግሞ ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን ከክፋት ይብሳል። ጆሮዬ የማይሰማ ይመስል እየጮኸችብኝ፣ ላጉርስሽ ብላ ማንኪያውን ቀማችኝ። ሾርባዋ ግን ይጥማል፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ባለፈው ሳምንት ልጅሽና አማቷ፣ የሙሽራው እናት፣ ምግብ ቤቶቹን ሊያዩ መጡ። የወደዱት ያንኑ መስታወታም ቤት ነው። የፎጣውን ነገር ስነግራቸው አማቷ ጥቂት አሰቡና፣ "ለክብራቸው ስንል እዚህ ጥግ በመጋረጃ ይከለልላቸው፤ ብቻቸውን ዘና ብለው ይበላሉ" አሉ። እኔ ልጅሽን አየኋት። አልዋሽሽም እታለም፣ እሷ ቀለበቷን አየች። እዚህም ግድግዳ ሊያቆሙልሽ ነው አልኩ በልቤ። ወፍጮዋ ያን ቀን ቆመች።

በነጋታው ልጅሽን ብቻዋን፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ወዳለች ጠባብ ምግብ ቤት ወሰድኳት። ሳህኑ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፣ ወንበሩ ሲጢጥ ይላል፣ የሚበሉት ሹፌሮችና ግንበኞች ናቸው። ፎጣዬን አስሬ ጀመርኩ። ሾርባው በአገጬ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። አስተናጋጇ መጣች፣ ጠረገች፣ ዳቦ ልጨምር ወይ ብላ ሄደች። ቀና ያለ ሰው የለም።

"አክስቴ ተይ፣ ሰው ያያል" አለችኝ ልጅሽ።

"ካንቺ በቀር ማን አየ?" አልኳት።

ያኔ ተንሰቀሰቀች። ከታመምሽ ወዲህ ስትደውዪ ካሜራውን ትዘጊያለሽ፤ እሷም ክፈቺው ብላሽ አታውቅም፤ ፊትሽን ማየት ፈርታ ኖሯል። አንቺ ስትደበቂ፣ እሷ ስትሸሽ፣ ለካ ያንኑ ግድግዳ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ተቀምጣችኋል። ለቅሶዋ ሲበርድላት፣ "የሚፈስሰው በየት በኩል ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። በቀኝ አልኳት። ተነሥታ በቀኜ ተቀመጠች፤ የፎጣውን ጫፍ ያዘችና አገጬን ጠረገችልኝ።

ቤቱን ያዝነው። አማቷ ከፍቷቸዋል፤ ይለምዱታል። ባይለምዱትም ቤቱ መጋረጃ መስቀያ የለውም። ያንቺ ወንበር መሀል ላይ ነው፤ በቀኝሽ የምትቀመጠው ሙሽራይቱ ናት፣ ሙሽራው ከእሷ ወዲያ ይሁን። ሐኪሙ ያለው ከደረሰ ግን እታለም፣ ለእኛ ሌላ ድግስ ላይኖር ነው። ካልመጣሽ ወንበሩ ባዶ አይውልም፤ ፎጣዬን አስሬ እኔ እቀመጥበታለሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት ባንቺ ፈንታ ሾርባ በአገጬ አወርዳለሁ። እንደማደርገው ታውቂያለሽ።

ጋሼን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሻንጣሽን ከቁምሳጥኑ ላይ ያውርደው። ኩርፍተኛውን ወንድ ልጅሽን ስለ እኔ ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ጧት ማታ የምትጠይቅሽን ጎረቤታችንን አዋላጇን፣ ልጆቿንም፣ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። ለሁሉም፣ ለትንሽ ለትልቁ፣ ሰላምታዬ ይድረስ። ለዚያ ለጓዳው ግድግዳ ብቻ ሰላምታ የለኝም።

ታናሽሽ ወፍጮ
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ
ግንቦት ፲፱ ቀን