ዘጠነኛው መስመር

ለታናሽ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ከረምክ? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሣብህ ሳል ተወህ ወይ? ማሽን የያዘው ግራ እጅህስ እንዴት ነው፣ አሁንም ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዝሃል ወይስ ለመደው? እህል ይበላልሃል? ሚስትህ ደህና ናት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹስ ጥርስ አበቀለ? ሁላችሁም በያላችሁበት ሰላም ሁኑልኝ። ስለ እኔ የጠየቅህ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ "ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ" ብሎ ይጽፋል። ናፍቆቱስ አለ። ሌላም አለ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለ ሌላው ነው።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለህ ሳትገረም አትቀርም። የኔ የእህትህ ነው። ስድሳ አንድ ዓመቴ ላይ ፊደል ቆጠርኩ። ከገበያው ጀርባ ባለው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የምታስተምረን ልጅ የልጅ ልጄ ብትሆን አይበዛባትም። "እማማ፣ እርሳሱን እንደ መሮ አይጨብጡት" ትለኛለች። እኔ ከመሮ በቀር ምን ጨብጬ አውቃለሁና ነው። መስመሩ ሽቅብ ቢሄድብህ፣ ፊደሉም እንደ ሰካራም ቢንገዳገድብህ ታገሠኝ።

ማንበብ እንደቻልኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ያንተን ደብዳቤዎች የምናስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ መክፈት ነው። እስከ ዛሬ የሚያነብልኝ ወንድማችን እንደነበር ታውቃለህ። ሰፈሩ እንደሚጠራው መሐንዲሱ ልበለው፤ እርሳስ ከጆሮው ላይ ስለማይጠፋ ያወጡለት ስም ነው፣ እሱ ግን የምር አድርጎ ይዞታል። ሠርተን የላክንልህ ጊታር የደረሰህ ጊዜ የጻፍኸውን ደብዳቤ በእንጨት ሥራ ሱቃችን መካከል ቆሞ፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ነበር ያነበበው። "የጋሼ እጅ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ አገር እንኳ አላየሁም፣ ለእትዬም ሰላም በልልኝ" ይላል ብሎ አጠፈው። እኔም ሰላምታዬን ተቀብዬ ወደ ብርጭቆ ወረቀቴ ተመለስኩ።

ባለፈው ወር ያንኑ ደብዳቤ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መሐንዲሱ የዘለለው ቦታ አለ። "ጊታሩ ጭኔ ላይ በልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው የተቀመጠው። ጋሼ የጉልበቴን ነገር እንዴት አስታወሰው? ያን ጊዜ እሱ አጎታችን ቤት አልነበረም ወይ?" ብለሃል። መልሱን ስለማያውቀው ዘለለው። እኔ አውቀዋለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ጣቶችህ አልታጠፍ ስላሉ ክር መጫን እንደማትችል፣ ነገር ግን ጭን ላይ አጋድመው በለስላሳ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ጊታር እንዳለ ጽፈህ፣ ሥዕሉንም ሥለህ ስትልክ፣ መሐንዲሱ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሁለት ሳምንት ተመለከተው። የሚሠራበትን እንጨት የመረጥኩት እኔ ነኝ። የድሮ ቤታችን ሲፈርስ ሁለቱን የበር መቃኖች አስቀርቼ ከአልጋዬ ሥር አኑሬአቸው ነበር። አርባ ዓመት የደረቀ እንጨት ነው፣ ከእንግዲህ የሚጣመምበት ምክንያት የለውም። እምቢ ማለት እችል ነበር። ላንተ ነው ብዬ አወጣሁ።

የሱቃችን የብረት ማስመሪያ ጫፉ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ ነው። ከአሥር ጀምረን እንለካለን፣ መጨረሻው ላይ አሥር እንጨምራለን። ይህን ትናንት የተቀጠረ ሠራተኛ እንኳ ያውቀዋል። አንተ የክሩ ርዝመት ሃምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ይሁን ብለሃል። መሐንዲሱ ከአሥር ጀመረ፣ ሃምሳ ስምንት ላይ ምልክት አደረገ፣ በዚያው ልክ አናቱን ጨምሮ በመጋዝ ቆረጠው። አሥሩን ረሳው። አንደኛው መቃን እንዲህ ሆኖ ቀረ። አሁን ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ የቀለም ቆርቆሮ ተሸክሟል። እሱም "እንጨቱ ድሮም ስንጥቅ ነበረበት" ብሎ ለሠራተኞቹ ነገራቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራው አልተጠጋም።

ሁለተኛውን መቃን እኔ ያዝኩት። ያኔ ቁጥር ማንበብ አልችልም ነበር፤ ስለዚህ ማስመሪያውን አልነካሁም። ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን በራሱ ሜትር ለክቶ ሃምሳ ስምንት የሚሆን ሲባጎ ቆርጦ ሰጠኝ። ብረቱ የት ላይ ቢያርፍ የቱን ድምፅ እንደሚሰጥ የሚያሳዩት መስመሮች አሉ፤ ያን ሲባጎ ለሁለት ሳጥፈው አሥራ ሁለተኛው መስመር መጣልኝ። ለሦስት ሳጥፈው ሰባተኛው፣ ለአራት ሳጥፈው አምስተኛው። የቀሩትን በጆሮዬ ነው ያገኘኋቸው። ጠጋኙ ዘንድ ለጥገና የመጣ የሠርግ ቤት ኦርጋን ነበር፤ እሱ ቁልፉን አንድ በአንድ ይጫናል፣ እኔ አንድ ክር ወጥሬ ብረቱን አንሸራትታለሁ፣ ድምፁ ሲገጥም በቢላ ጫፍ እጭራለሁ። "እትዬ፣ ይህ ጆሮ ይዘሽ እንዴት ዘፋኝ ሳትሆኚ ቀረሽ" ብሎኝ ነበር። ማን ጠይቆኝ አልኩት።

አሁን ወደ ጉልበትህ ልምጣ። ስምንት ዓመትህ ነበር። ከጎረቤት ግንብ ላይ ወድቀህ ቀኝ ጉልበትህ የተሰበረ ጊዜ በሁለት ጣውላ ያሰርኩህ እኔ ነኝ። ሰባት ሳምንት በጀርባዬ ያመላለስኩህም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግርህ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ ስትቀመጥ ቀኙ ጉልበትህ ከግራው ዝቅ ይላል። ዝርግ እንጨት ጭንህ ላይ ብናስቀምጥ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ይወድቅ ነበር። እኔም በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከግራ እግሬ ሥር ጡብ አደረግሁ፣ እንዳንተ ሆንኩ። መቃኑን ጭኔ ላይ አጋድሜ የቱ ጋ እንደሚነካ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፣ በመሮ ፈለፈልኩ፣ መልሼ ለካሁ፣ መልሼ ፈለፈልኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ጭኔ ጠቁሮ ነበር። ያ በልክ የተሰፋው ልብስ የተለካው በኔ ገላ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስሠራ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እኔኑ ፈጀኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እንጨት ቤት የኖረ ሰው ግን ያውቃል፣ የማይነቅዝ ነገር የለም።

አንተንም አልተውህም። ወንድማችን ከድሮም እንዲሁ ነው፣ የሰው ሥራ ላይ ቆሞ ቁመቱን ይለካል። ግን አንተ በአሥራ አንድ ደብዳቤ ውስጥ እኔ ምን እየሠራሁ እንደምኖር አንድ ጊዜ ጠይቀሃል? ቆጥሬአቸዋለሁ፣ አሁን ማንበብ እችላለሁ። በሁሉም መጨረሻ ላይ "ለእትዬም ሰላም በልልኝ" አለ። በዚያች "ም" ተንጠልጥዬ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ። ያ ጉልበት የኔ ጀርባ ላይ ሲውል ሲያድር የነበረ መሆኑ እንዴት ይጠፋሃል? ጋሼ አጎታችን ቤት እንደነበር ካስታወስህ፣ ቤት የነበረው ማን እንደሆነ ማስታወስ ከብዶህ ነው?

ለጓደኛህ ያዘዝኸው ሁለተኛው ጊታር አልቋል። ያንንም የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተ "ሠሪው ስሙን ይጻፍበት" ብለህ ስለላክህ፣ መሐንዲሱ ስሙ የተቀረጸበት ብረት አሠርቶ፣ እሳት ላይ አግሎ ሊተኩስበት ተዘጋጅቷል። ያን ደብዳቤ ስታነብ የጉልበቱን ነገር ለምን ዘለልከው ብዬ ስጠይቀው አንገቱን እያሻሸ "እትዬ፣ ማን ሠራው ምን ያደርጋል፣ ሱቁ እንደሆነ የአንድ ቤት ነው" አለኝ። የአንድ ቤት ከሆነ የኔን ስም አስቀርጽ አልኩት። ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፣ እንደ ቀልድ ነው የያዘው፤ እሱ ነው የባሰብኝ። "አንቺ ሠራሽው ብንል ማን ያምነናል" አለ።

ስለዚህ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስገብቼዋለሁ። የክፍሌ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ክሮቹን አልወጠርኩም። መሐንዲሱ በየቀኑ በራፌ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ እኔ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።

ምናልባት እህቴ አርጅታ ነገር ታበዛለች ትል ይሆናል። የሠራ ሰው የሥራውን ነውር ያውቃል፤ ያልሠራ የሚያውቀው ማማሩን ብቻ ነው። ጊታርህን አውጣና ዘጠነኛውን መስመር በጥፍርህ ዳስሰው። ከጎኑ በፀጉር ስፋት የራቀ ሌላ ጭረት አለ፤ በኮላና በብናኝ ሞልቼዋለሁ፣ ዓይን አያየውም፣ ጥፍር ግን ያገኘዋል። ያን መስመር ስጭር ቁም ሣጥን ሊያዝዙ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። መሐንዲሱ ወደ ጊታሩ እያሳየ "ይህን በእጄ ነው የምሠራው፣ ለውጭ አገር ነው" አላቸው። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞራ እኚህስ ብትለው "እህቴ ናት፣ ትጠርግልኛለች" አለ። ቢላው ያን ጊዜ ሸተት አለብኝ። ለጋሼህ ጻፍና ጠይቀው፣ ዘጠነኛው መስመር ለምን ሁለት ሆነ በለው። ከመለሰልህ እኔ ዋሽቻለሁ፣ ጊታሩንም አስረክበዋለሁ።

ካልመለሰልህ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በስሜ ደብዳቤ ይምጣልኝ። በዕድሜዬ ፖስተኛ የኔን ስም ጠርቶ አያውቅም። ያ ደብዳቤ በደረሰኝ ቀን ክሮቹን እወጥራለሁ፣ ስሜን በገዛ መሮዬ እቀርጽበታለሁ፣ ለጓደኛህም ይላክለታል። ካልደረሰኝ እዚያው ከአልጋዬ ሥር ይቀመጣል። ያ እንጨትም ደረቅ ነው፣ መቆየት ይችላል።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ክንዱ ቢያጥርም ይሞቃል። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፤ ማስመሪያ መጠቀም ስትማር ከዜሮ እንድትጀምር ንገራት። ትንሹን ግንባሩን ሳምልኝ። ሬዲዮ ጠጋኙ ሰላም ብሎሃል፣ ድምፁ እንዴት ሆነ ብሎ በየጊዜው ይጠይቀኛል። መሐንዲሱ ሰላም አላለህም፤ መጻፌን አያውቅም።

ፖስታው ላይ እትዬ ብለህ እንዳትጽፍ። ሁላችሁም እትዬ ስትሉኝ ስለኖራችሁ ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ ቢጠፋህ አልፈርድብህም። ከዚህ ወረቀት ጀርባ በትልቁ ጽፌልሃለሁ፣ እያየህ ገልብጠው።

ታላቅ እህትህ

ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን፣ ማክሰኞ