እባክዎ የኋላ ወንበሯን ባዶ አድርገው ይፈትኗት

ለተከበሩ የመኪና ጥገና ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ ወገብዎ ከብርድ፣ ቢሮዎም ከባለጉዳይ የተጠበቀ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞቴ አስቀድሞ የተሳካ ይመስላል። በመጣሁ ቁጥር "ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባልኩ ስለተመለስኩ፣ በጆሮዎ ልነግርዎ የፈለግሁትን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

መኪናዋ ባለሁለት በሯ፣ መሬት ለመሬት የምትሄደው ቀይ ናት። ሟቹ ባለቤቴ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ሲገዛት ዘመድ ሁሉ "ሽማግሌው ጎረመሰ" ብሎ ስቆበታል። አሁን የምትነዳት አዋላጅ የሆነችው ልጄ ናት። ነዳጅ ጠበቅ አድርጋ ስትረግጥ የመኪናዋ ኋላ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ደንግጣ እግሯን ስታነሣ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል። "እማዬ፣ ፊቷን እኔ እነዳለሁ፤ ኋላዋን ግን ሌላ ሰው የያዘው ይመስለኛል" ትለኛለች። ክፍልዎ ይህን ሕመም መርምሮ "ጤነኛ ናት" ብሎ ስለመለሰልኝ ምስጋናዬን ተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ፈተናው። ባለሙያዎችዎ መኪናዋን መንገድ ላይ አውጥተው እንደሚፈትኗት ከእንግዳ ማረፊያ ክፍልዎ መስኮት በዓይኔ አይቻለሁ። የሚፈትኗት ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ ነው። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ጠና ጠና ያሉት ደግሞ የፊቱን ወንበር አጥፈው፣ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር ከተው ከኋላ ይታጨቃሉ። ከዚያ ስቴኪኒ በጥርሳቸው ይዘው ይመለሱና "እትዬ፣ እንደ አለት ነው የምትቀመጠው፤ ምንም የላትም!" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሁለት የጠገቡ ጎልማሶች የኋላ ጎማዎቿን ተጭነውላት እንዴት ብላ ትሽሽ? ልጄ ግን ሥራ ስትሄድ ከኋላ የምትጭነው አንድ ካፖርት ብቻ ነው። ሁለቱን ወንድሞቻችንን በየዕለቱ ቢያውሱን ችግራችን በተፈታ ነበር።

፪. ስለ ሕክምናው። አዲስ ጎማ ገጠማችሁላት፤ ቁርጭምጭሚቱ ለወለቀ ሰው አዲስ ጫማ ማለት ነው። የጎማዎቿንም አቅጣጫ ቆማ ሳለች ለክታችሁ "ልክ ነው" አላችሁ። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ሆኖም ያገኘሁትን ማንበብ እወዳለሁ። እንዳነበብኩት፣ የኋላ ጎማዎቿን ከአካሏ በሚያያይዙት ክንዶች ጫፍ ያለው ጎሚኒ፣ ያ የላስቲክ ትራስ፣ ሲያረጅ፣ ቆማ ምንም አይታይባትም። ሞተሩ በኃይል ሲገፋ ግን ጎሚኒው ይለቅና ጎማው አቅጣጫውን ይስታል። ልሳሳት እችላለሁ፤ ንጥረቱን የሚውጠው አሞርዛተሩም፣ አንድ የላላ ቡሎንም ሊሆን ይችላል። የለመንኳችሁ ግምቴን እንድታጸድቁልኝ አልነበረም፤ አንድ ሰው ከሥር ገብቶ ያንን ጎሚኒ በብረት ዘንግ ገፋ አድርጎ እንዲያይልኝ ነበር።

፫. ስለ ምክሩ። "ልጅቷ እግሯ ከባድ ነው፤ ቀስ ብላ ትንዳ" ብላችኋል። ልጄ ከሆስፒታሉ በር ወደ ዋናው መንገድ የምትገባው አሸዋ የጫኑ መኪኖች ከመታጠፊያው ድንገት በሚወጡበት ቦታ ነው፤ እዚያ ቀስ ያለ ይጨፈለቃል። ባለፈው ሳምንት በዝናብ ስትገባ የመኪናዋ ኋላ ዞሮ ፊት ለፊት ከጭነት መኪና ጋር ተፋጠጠች። የተረፈችው ሹፌሩ ፍሬኑን ቀድሞ ስለያዘ ብቻ ነው። እናንተ ግን "ቀስ በይ" ትሏታላችሁ። ባለቤቴ ደረቱን ሲወጋው እኔም "ቀስ በል፣ ያልፋል" እያልኩ ወራት አሳልፌያለሁ። አላለፈም። እናም ይህ ምክር ከእንግዲህ በቤቴ በር አይገባም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው ይህ ነው። ሰዎችዎ ምሳቸውን በእግራቸው ሄደው ይብሉ። መኪናዋን አንድ ሰው ብቻውን ይዟት ይውጣ፤ ዳገቱ ላይ ነዳጁን እንደ ልጄ ይርገጥ። ያን ሰው ሊልኩት ከፈሩ፣ መልሱን አገኘን ማለት ነው። ካልፈሩ ደግሞ ራስዎ እንዲወጡ እጋብዝዎታለሁ። መታጠፊያው ላይ ቆሜ የጭነት መኪኖቹን አስቆምልዎታለሁ፤ ለልጄ ማንም ያላደረገላትን እኔ ለእርስዎ አደርጋለሁ።

ላልሰጡኝ ጊዜ እያመሰገንኩ፣ ስብሰባዎ በሰላም እንዲጠናቀቅ እየተመኘሁ፣

በእንግዳ ማረፊያዎ ያለውን መጽሔት ሁሉ አንብባ የጨረሰችው፣
የአዋላጇ እናት

ማስታወሻ፦ ምክትልዎ "እትዬ፣ ለምን ሸጠዋት አይገላገሉም?" ብለው በቅንነት መክረውኛል። እባክዎ ይንገሩልኝ፤ የሚገዛት ሰውም እናት አለችው።