«ውልቅ በል» የሚባለው ቡና

ኮኒትስ፣ እሑድ ኦክቶበር 12 ቀን 2025

ለምወድሽ ባለቤቴ ለሱቫዳ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? የምትጦሪያቸውን ሽማግሌዎች ብቻሽን አታንሺ ብዬሽ ነበር፤ አሁንም እያነሳሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ከሁላችንም የበለጠ ደህና ናት። እህቴ ፋዲላም ያው ከምድጃዋ ጋር እየተጣላች ነው። ወንዛችን ኔሬትቫ ከሰሞኑ ዝናብ ወዲህ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ከምግብ ቤታችን ሰገነት ሥር ሲያልፍ ማታ ማታ እንደ ሰው ያጉረመርማል።

በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ ስለምታቋርጪኝ ነው። ዛሬ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ግራዝ የሚመለሰው የጎረቤታችን የዛይም ልጅ ያደርስልሻል። ባለፈው «እናትህ አስራሃለች» አልሽኝ። ቃሉ ልክ አይደለም። ሰው የሚታሰረው በገመድ ነው። እኔን የያዘኝ ሾርባ ነው። በሩን ከፍቶ የገባ ሰው ኮቱን ሳያወልቅ ትኩስ ዳቦና ቅቤ ይቀርብለታል፤ ባሚያ ያለበት ሾርባ ይከተላል፤ በቃኝ ሲል እናቴ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ እንዳትቀየም ብሎ ይጨመርለታል። ምግብ ቤት ማለት ሰው በልቶ የሚሄድበት ቤት ነበር። ከዚህ ቤት ግን የሚሄድ የለም። ከሰዓት በኋላ የመጣው የእራት ሰው ሆኖ ያመሻል። እኔም፣ በውሃ ምህንድስና የተመረቅሁት ሰው፣ በየጠረጴዛው እየዞርኩ «ባሚያው ለስልሷል ወይ?» እላለሁ። ስቄ ነው ደግሞ የምለው። ፊቴ እስኪደክመኝ ድረስ።

ሐሙስ ዕለት የሆነውን ግን ከሌላ ሰው ሳትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ፋዲላ ስታወራው እንደምታዛባው ታውቂያለሽ።

ኤክረምን ታስታውሺዋለሽ፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ስዊድን የሄደው። ከሚስቱ ከሊኔያ ጋር ለምሳ መጡ። ሚስቱ ስዊድናዊት ናት፤ ቋንቋችንን የተማረችው ከመጽሐፍ ስለሆነ ከሱ የተሻለ ትናገራለች። በሉ፤ ቡና ጠጡ፤ ተጨዋወቱ፤ ደግሞ ቡና ጠጡ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜ ሴትየዋ እጇን አጨብጭባ፣

«እትዬ ራሲማ፣ እንግዲህ ሦስተኛውን አምጪልና!» አለች።

የኤክረም ማንኪያ መሬት ወደቀ።

«የቱን ሦስተኛ ልጄ?» አለች እናቴ።

«አንደኛው የመቀበያ፣ ሁለተኛው የወግ፣ ሦስተኛው ደግሞ ‹ውልቅ በል› የሚባለው ቡና ነው አይደል? ሁለቱን ጠጥተናል።»

ፋዲላ ከኩሽና በሳቅ ፈነዳች። «ወይ ጉድ! ‹አባሩኝ› ብሎ የሚያዝ እንግዳ ዛሬ ገና አየሁ!»

«አንቺ ሴት፣ ኧረ ዝም በይ» አለ ኤክረም፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ስድብ እኮ ነው ያዘዝሽው!»

«ባህል መስሎኝ!»

«ባህልማ ባህል ነው» አለች እናቴ፤ የልጅቷን እጅ ይዛ። «ግን እዚህ ቤት ተፈልቶ አያውቅም የኔ ቆንጆ። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ‹እንግዳ ቢሰለቸኝ እኔ እወጣለሁ እንጂ እሱን በቡና አላስወጣም› ይል ነበር።»

እኔ እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አላልኩም። «ቢፈላ ኖሮ ይሄኔ ሁሉም ሰው በየቤቱ ገብቶ ነበር» አልኩ።

እናቴ አየችኝ። እንዴት እንደምታይ ታውቂያለሽ፤ ሥጋ ቤት ቆማ ሥጋ የምትመርጥ ይመስል። ከዚያ ተነሳችና ወደ ኩሽና ገባች። ስትመለስ በትንሿ የመዳብ ሰሃን ላይ አንድ ስኒ ብቻ ይዛ ነበር። በእንግዶቹ በኩል አልፋ እኔ ፊት አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሦስተኛው።»

«እማ፣ እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም!»

«የቤት ሰው ፊቱን አጥቁሮ ሰዓት አይቆጥርም። ሚስትህ ከሄደች ሁለት ዓመት ሙሉ ኮቱን እንዳላወለቀ ሰው ነው የተቀመጥክብኝ። ጠጣና ተነስ። ሱቫዳ ትጠብቅሃለች።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን ሆንኩ? ፋዲላ አለችልኝ። ሾርባው አንተ ስላፈጠጥክበት መሰለህ የሚበስለው?»

«እልል!» አለች ፋዲላ። ሊኔያ ግን «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» እያለች ማልቀስ ጀመረች። እናቴም እሷን ለማባበል ፖም በለውዝ ሞልታ አቀረበችላት፤ ስለዚህ እንደገና ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ይኸውልሽ፣ ከዚህ ቤት በዚያ ቡና የተባረረው የመጀመሪያ ሰው እኔ ነኝ፤ የገዛ ልጇ! ጠጣሁት። አንድ ስህተት ላገኝበት ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም። አረፋው ልክ ነበር፤ አተላውም ከሥር ተኝቷል።

ሥራውን ትቼ ወዲያው የምነሳ መስሎሽ ይሆናል። እናቴም እንደዚያ መስሏታል። ዓርብ ጠዋት ሰሃን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ከእጄ ነጠቀችኝና «እንግዳ ሰሃን አያነሳም» አለች። ከዚያ ወዲህ ወንዙን በሚያየው መስኮት ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶልኛል። ምሳ ሲደርስ በሩ ላይ ቆማ «እንኳን ደህና መጣህ» ትለኛለች፤ ኮቴን ትቀበለኛለች፤ በሥጋ የተሞላው ሽንኩርት መጀመሪያ ለኔ ይቀርባል። ስቆጣ ትጨምርልኛለች። ሾርባው ጨው እንደበዛበት ብናገር ፋዲላ ወገቧን ይዛ «ጌታዬ፣ እንለውጥልዎ?» ትለኛለች። «አንተ» ብትለኝ በስንት ጣዕሙ!

ትናንት ዛይም ሲገባ ከበሩ ላይ ጮኸ፦ «ሙኒብ! ከየት አገር ነው የመጣኸው?»

«ከግራዝ ነው» አለችው ፋዲላ። «ገና አልሄደም እንጂ።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ሸሚዞቼን እናቴ ተኩሳ አልጋዬ ላይ ደርድራቸዋለች። አውቶቡሱ ረቡዕ ጠዋት ይነሳል። እንግዲህ አስቢው። በዚህ ሳምንት ዝናቡ ይጨምራል፤ ውሃው ከድልድዩ ሥር ካለው ከጥቁሩ ድንጋይ ካለፈ ምድር ቤቱ ይሞላል። ያንን ማን ያያል? ፋዲላ ውሃ ሲፈላ እንጂ ሲሞላ አታውቅም። የኩሽናው ፍሳሽ ሲደፈን የሚከፍተውም እኔ ብቻ ነኝ። እዚያስ? የግራዝን ወንዝ የሚለኩ ሰዎች ከነመሣሪያቸው እንዳሉት ጥርጥር የለኝም። እኔን አይጠብቀኝም።

የጀርመንኛ ትምህርቱን አቁሜዋለሁ። አስተማሪዋ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት፤ «ጠረጴዛ ወንድ ነው፣ ወንድ!» እያለች ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላኝን ሰው በሃያ ልጆች ፊት አረመችኝ። ልጆቹ ሳቁ። አንድ ጠረጴዛ ወንድ ለመሆን ምን እንዳደረገ እስካሁን አልገባኝም። እዚያ ብመጣ፣ አንቺ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄጂ የቤት አከራይሽ ደረጃው ላይ ታገኘኝና «የሱቫዳ ባል» ብላ ሰላም ትለኛለች። እመልስላታለሁ። ከዚያስ? አንቺ ደክመሽ እስክትመጪ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ቀን ልቁጠር? አንቺ እንደዚያ እንደማታስቢ አውቃለሁ። አንቺ ደግ ነሽ። ደግነት ምን እንደሚሠራ ግን በዚህ ሳምንት ተምሬዋለሁ።

እንግዲህ አላህ ጤናሽን ይስጥልኝ፤ እጅሽን ከበሽታ፣ ጀርባሽን ከሸክም ይጠብቅልኝ። ብርዱ ሳይገባ ወፍራሙን ካፖርት አውጪው። እናቴ ዓይኗን ሳምልኝ ብላለች፤ ፋዲላም እንደዚሁ፤ የሷ መሳም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ቢልም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። እናቴ ነገ ወይም ማክሰኞ ትደውልልሻለች። ቤቱ ለኔ ተዘጋጅቶ እንደሆነ ልትጠይቅሽ ነው። ሁለተኛውን ቁልፍ እንዳስቀረጽሽ፣ ለመጻሕፍቴም መደርደሪያ እንዳቆምሽ ነግረሽኛል፤ አልረሳሁም። ቢሆንም «ገና ነው» በያት። ቀለም እየተቀባ ነው በያት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ አንቺን ግን ታምንሻለች።

ባልሽ፣
ሙኒብ