የተሰረዘው የአማርኛ ገጽ

ለተወደድህ ታናሽ ወንድሜ ለዶክተር ማሞ፤

ዘመነ ማቴዎስን አሳልፎ ለዘመነ ማርቆስ ያደረሰን አምላክ አንተንም በሰው አገር በጤና ይጠብቅህ። እንደምን አለህ? ያ የክረምት ሳልህ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆችህ አሌክስና ናዲያ እንደምን አሉ? ትምህርታቸውስ፣ ጸሎታቸውስ? እኔ ዛሬም ማሕሌት ቆሜ ለማደር አላነስሁም፤ ባለቤቴ የሺአረግም ከወገቧ ሕመም በቀር ደኅና ናት። ቤታችን ሁሉ ደኅና ነው ብዬ ብጽፍልህ ግን ሐሰት ይሆንብኛል፤ እኅታችን ስመኝ ደኅና አይደለችም። በሕይወት አለች፤ አትደንግጥ። የምጽፍልህ ስለ እርሷና ስለ መጽሔታችሁ ነው፤ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ሆነውብኛልና።

የአእምሮ ሐኪሞች መጽሔት ሲቋቋም፣ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ይኑር ያልህ አንተ ነበርህ። ቃሉን እንዳቃናም የጠራኸኝ አንተ ነህ። ሐኪሞቹ ሐሳቡን ይነግሩኝ ነበር፤ እኔም አማርኛውን አበጅ ነበር። ያ ገጽ ከሐኪም ቤት ወጥቶ የት እንደ ደረሰ ግን አንተ አላየህም። የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን መጣል እንደማይገባው የሚያስረዳውን ገጽ ይዤ፣ ስመኝ ወደምትጠመቅበት ጠበል ወጥቼ ለካህናቱ አነበብሁላቸው። አንዱ አጥማቂ «መሪጌታ፣ እርስዎም ለፋርማሲ አደሩ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አስደግሞ ከሰማ በኋላ ግን የሕመምተኞችን ኪኒን መቀማት ተወ። ስመኝም ያንን አንድ ጊዜ የሚያስፈነጥዛትን፣ አንድ ጊዜ አልጋ ላይ የሚጥላትን ሕመሟን ሊትየም በሚባለው ኪኒን አስታግሣ፣ ጠበሏንም ሳትተው፣ ሾላ ገበያ በርበሬና ኮረሪማዋን እየሸጠች ራሷን ችላ ኖረች።

ዓምና ቦርዳችሁ መጽሔቱ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲታተም ወሰነ። አንተም ከዚያው ሆነህ በደብዳቤ ድምፅህን እንደ ሰጠህ ጽፈህልኝ ነበር፤ የውጭ ሊቃውንት እንዲቀበሉት፣ ከታወቁት መጽሔቶች ተርታ እንዲቆጠር፣ ሐኪሞቻችንም ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሚያነቡ የሚጎዳ ሰው የለም ብለህ። እኔም ወደ አዘጋጁ ቢሮ ሄጄ ለመንሁ። «አማርኛው ከገባ ኦሮምኛውስ፣ ትግርኛውስ ምን በደለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ «እንግዲያው እነርሱም ይጨመሩ» አልሁት። «መሪጌታ፣ ወረቀቱን ማን ችሎት!» ብሎ እስከ በር ሸኘኝ። ሁሉን እኩል ለማድረግ ሲሉ ሁሉን ከለከሉ።

በሰኔ ያንተ ጽሑፍ ያለበት እትም ደረሰን። ከውስጡ ለይቼ ያወቅሁት ስምህን ብቻ ነው። ስመኝ በፕላስቲክ ለብዳ ከጸሎት መጻሕፍቴ አጠገብ አኖረችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወረደች «የወንድሜ ሥራ ነው» ትላለች። «ጋሼ፣ ስለ ምን ነው የጻፈው?» ብትለኝ «ስለ አእምሮ ነው» አልኋት፤ ከዚያ የሚበልጥ አላውቅምና።

ፍልሰታ ሲገባ እንደ ወትሮዋ ሱባኤ ልትይዝ ወደ ጠበሉ ወጣች። መድኃኒቷን አደራ ብያት ነበር፤ እርሷም አንዲት ቀን አላጎደለችም። ማለዳ ጠበሉን ጠጥታ ታስመልሳለች፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፏ አይዞርም፤ ማታ ጨው ያልነካው ቆሎ ቀምሳ ኪኒኗን ትውጣለች። ሱባኤው ሳያልቅ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጥማቂው ርኩስ መንፈስ ሊለቃት ነው ብሎ ጠበሉን አበዛላት። እግሯ ሲከዳትና ምላሷ ሲታሰር ነው የላኩብን። በታክሲ አምጥተን ሐኪም ቤት አስገባናት፤ ብዙ ቀን ሰው ሳትለይ ቆየች።

እዚያ ያለችው ወጣት ሐኪም ወይንሸት ትባላለች። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ሊትየሙ ከደም አልወጣ ብሎ እንደሚጠራቀምና መርዝ እንደሚሆን አስረዳችኝ። «አባቴ፣ በጾምና በጠበል ወቅት ይህ እንዳይደርስ ምን መደረግ እንዳለበት ደግሞ የተጻፈ አለ፤ በሰኔው መጽሔት ላይ ወጥቷል» አለችኝ። የነገረችኝ የጻፈው ሰው ስም ያንተ ነበር። ከቤት አመጣሁላትና እየተረጎመች አነበበችልኝ። ሁሉም አለበት፤ ጾሙ፣ ጠበሉ፣ ማስመለሱ፣ የእጅ መንቀጥቀጡ። ግሩም አድርገህ ጽፈኸዋል፤ ከስመኝ ራስጌ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው የጻፈው ይመስላል። ክረምቱን ሙሉ ከቤቴ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ወንድሜ፣ እንግሊዝኛው ይቅር አላልሁም። በጉባኤ ቤት ያደግህ ሰው ነህና ታውቀዋለህ፤ አባቶቻችን ግእዙን አልጣሉም፣ ነገር ግን ንባቡን ካነበቡ በኋላ ለሰሚው በአማርኛ ይተረጉሙለት ነበር። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ሕዝቡን በማይሰማው ቋንቋ ያስቆምንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱን ከእናንተ ይልቅ እናውቀዋለን። ሐኪሞች ሁሉ ያነቡታል ብለህ ነበር፤ ስመኝን በዚያ ሱባኤ ያያት ሐኪም ግን አልነበረም። ያያት አጥማቂው ነው፤ መድኃኒቷን አደራ ብዬ የሸኘኋትም እኔ ነኝ።

ቦርዱ በኅዳር እንደገና ይሰበሰባል። አዘጋጁ ስለ ስመኝ ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ነው የተቀበለኝ፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ ያለፈ ውሳኔ ነውና አንተ ድምፅህን ከለወጥህ ገጹ እንደሚመለስ ነገረኝ። የምለምንህ ይህንኑ ነው። አልተቀየምሁህም ብዬ አልጽፍልህም፤ በጸሎቴ ስምህን መጥራት ግን አልተውሁም።

እስከዚያው ከወይንሸት ጋር ተቀምጠን ጽሑፍህን በአንድ ገጽ አማርኛ አደረግነው። መገናኛ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ወደ ጠበሉ ወጣሁ። ያ አጥማቂ አሁን አልሳቀም። «ይህ ነገር መቼ ታወቀ፣ መሪጌታ?» አለኝ። «በሰኔ ታትሟል» አልሁት። መስቀሉን በእጁ እንደ ያዘ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ስመኝ አሁን ቤት ገብታለች። ስትራመድ እንደ ሕፃን ግድግዳ ትይዛለች፤ ቅመም መስፈር አልቻለችም፤ ወይንሸትም ከዚህ የበለጠ ይሻላታል ብላ ተስፋ አልሰጠችኝም። በጽሑፉ ውስጥ ያለውን አልነገርኋትም። «ጋሼ፣ ያንን የማሞን ነገር ዛሬም አላስተረጎሙልኝም?» ትለኛለች፤ ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ለባለቤትህ እጅ ነሥቻለሁ። አሌክስን ግንባሩን፣ ናዲያን ጉንጯን ሳምልኝ። የሺአረግ «ዓይኑን ሳላየው እንዳልሞት» ትልሃለች። ወይንሸትም የአክብሮት ሰላምታዋን ልካለች፤ ተማሪህ ብትሆን ደስ ይላት እንደ ነበር ነግራኛለች። ስመኝ በየደብዳቤዬ ግርጌ የራሷን መስመር ትጽፍልህ እንደ ነበር ታውቃለህ፤ ዛሬም እኔ ልጻፍልሽ ብላት እንቢ አለች። ከታች ያለው የእርሷ እጅ ነው። እኔም አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ አንድም ፊደል አልተለየልኝም። ቢሆንም አትጣለው፤ ለአንተ የተጻፈ ነው።

ወንድምህ መሪጌታ ይትባረክ

አዲስ አበባ፣ ገርጂ
መስከረም ፳፪ ቀን ፲፱፻፺ ዓ.ም.