አምስት የጎደሉ ክኒኖች

ሰኞ፣ ጥር 5
ዛሬም የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ዋልኩ። እንግዶቹ ምን ሲሠሩበት እንደሚያድሩ እንጃ፣ እንዲህ የተጨማደደ አይቼ አላውቅም። ነገ የኤች አይ ቪ መድኃኒቴን የማመጣበት ቀን ነው። አለቃዬን "ጥርሴን አሞኛል" ብዬ አስፈቀድኳት። በአራት ዓመት ውስጥ ያስነቀልኩት ጥርስ ቢቆጠር አፌ ባዶውን በቀረ ነበር። ነገ የተረፈው ክኒን ቆጠራ ልክ ከሆነ ግን ወደ ስድስት ወር ቀጠሮ ያዛውሩኛል። በዓመት ሁለት ጥርስ ብቻ... ተመስገን።

ማክሰኞ፣ ጥር 6
ልክ አልሆነም።
የጤና ጣቢያው አማካሪ ብልቃጤን መቁጠሪያ ሳህኑ ላይ ገለበጠችው። አንዲት ክኒን ወጣች። አራገፈችው፣ ጥጡን ጎተተች፣ ሌላ የለም። ስድስት መትረፍ ነበረበት። ደራርበሽ ወስደሻል? አልወሰድኩም። ለሰው ሰጥተሻል? ለማን ልስጥ፣ ማን ያውቅና! "መንግሥት በነጻ ሰጠሽ ማለት አይቆጠርም ማለት አይደለም" አለችኝ። አልተቆጣችም፣ እሱ ነው የባሰኝ።
የሠላሳ ቀን ብቻ ሰጠችኝ። በሚቀጥለው ወርም ከጎደለ በየቀኑ እየሄድኩ እፊታቸው ልውጥ ነው። በየቀኑ! ያኔ ሥራዬም አበቃለት። የቱ አለቃ ነው በየቀኑ ጥርስ የሚያስነቅል ሠራተኛ የሚያኖር?
አምስት ክኒን የት ሄደ?

ዓርብ፣ ጥር 9
በየጠዋቱ እየቆጠርኩ ነው። ትናንት ከዋጥኩ በኋላ 28 ነበር። ዛሬ ሳልውጥ 27። ሦስቴ ቆጠርኩት። አላበድኩም... አላበድኩም አይደል?
ብልቃጡ ያለው ዕቃ ቤት፣ የአባባ የአናጢነት ሣጥን ውስጥ ነው። አባባ ካረፈ ወዲህ ማንም አይከፍተውም፣ መዶሻውን ሲያይ ሁሉም ሆዱ ይባባል። የመድኃኒቱ ስም ያለበትን ወረቀት ገና ድሮ ልጬዋለሁ። እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቄበታለሁ። ታዲያ ማን?
እማዬ ትሆን? የደም ግፊት ክኒኗ መስሏት? የኔን እየዋጠች የራሷን ትታው ከሆነ... ኧረ ጉድ። ክኒንሽ ስንት ቀረሽ ብላት "ምነው፣ ልትወርሺኝ ነው?" አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥር 12
እማዬ አይደለችም። የእሷ ክኒን አንድም ሳይዛነፍ በቀኑ ተወስዷል። የዚያን ዓይነት ጠንቃቃ ሴት ልጅ ሆኜ እኔ ክኒን ይጠፋብኛል።
የቀረው ጋሼ ነው። ወንድሜ ከቀለም ቅብ ሥራው ይመጣል፣ ወገቤን ይላል፣ በልቶ ይተኛል። ስኳር የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም። ደግሞስ የትኛው ሌባ ነው በቀን አንድ፣ አንድ ብቻ፣ በልክ የሚሰርቅ?
ቁራጭ ወረቀት ላይ "ማነህ?" ብዬ ጻፍኩ። አሰብኩና ከሥሩ "ወይም ማነሽ?" ጨመርኩ። ብልቃጡ ውስጥ ከተትኩት። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ ከብልቃጥ ጋር ደብዳቤ እጻጻፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ወረቀቱ የለም። ክኒኖቹ አሉ፣ አንድም አልጎደለም።
አንድ ሰው አወቀ ማለት ነው። እራት ላይ ቀና ብዬ የማንንም ፊት ማየት አቃተኝ። ጋሼ ጨው አቀብዪኝ አለ፣ ውኃ ሰጠሁት። እሱም ጠጣው።

ረቡዕ፣ ጥር 14
ጋሼ በምሳ ሰዓት ሥራ ቦታዬ መጣ። መጥቶ አያውቅም። እጁ እስከ ክንዱ ነጭ ቀለም። ከበሩ ውጪ፣ የእንፋሎቱ ቱቦ አጠገብ ቆምን።
"ጽሕፈትሽን አወቅሁት" አለ። "እስከዚያ ድረስ የራሴ መስሎኝ ነበር።"
አልገባኝም። እንዴት የራስህ?
ቀስ እያለ ነገረኝ። ሰባት ዓመት ሆኖታል። የሚወስደው ክኒን የኔው ነው፣ የሚሄደው ሌላ ጤና ጣቢያ። እሱም ወረቀቱን ይልጣል፣ እሱም ጥጥ ይጠቀጥቃል። ድሮ ይደብቅ የነበረው እዚያው የአባባ ሣጥን ውስጥ ነው። ክኒን አልቆበት የአባባን ስክሩ መፍቻ ሲፈልግ ብልቃጤን አገኘ። ደብቄ የረሳሁት ነው ብሎ ወሰደ!
ዘንድሮ ለምን አለቀብህ አልኩት። የነጻ ሕክምና ካርዱ ጊዜው አልፎበታል። በአዲሱ ደንብ ለማሳደስ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤታችን ድረስ መጥታ ኑሯችንን ታያለች። እኛ እንዳንሰማ ብሎ ተወው። እኔ ያሳደስኩት ደንቡ ሳይወጣ ነው።
"ባለፈው ሳምንት ብልቃጡ እንደገና ሲሞላ አልገረመህም?"
"ገረመኝ" አለ። "ማንን ልጠይቅ? ተአምር ነው ብዬ ተውኩት።"
ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በቀለማሙ ክንዱ ጠረገ።
አሁን የምጽፈውን ማንም አያንብበው። ደስ አለኝ። ወንድሜ ቫይረሱ አለብኝ ሲለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ብቻዬን አይደለሁም ብዬ። ምን ዓይነት እህት ነኝ? ወዲያው ደግሞ አለቀስኩለት። የቱ ነው እውነተኛው?

ዓርብ፣ ጥር 16
አብረን አማካሪዋ ጋ ሄድን። ሁሉንም ነገርናት። ሰማችንና ጋሼን፣ ካርድህ ቢያልፍም መድኃኒት አንከለክልህም ነበር አለችው። ካርዱ ለምርመራውና ለሌላው ሕክምና ነው። መጥተህ መጠየቅ ብቻ ነበረብህ።
መጠየቅ ብቻ! እዚያው ብልቃጥ ሰጠችው። የኔንም ጉድለት ምክንያቱን ጽፋ ዘጋችው፣ በየቀኑ መሄዱ ቀረ። ካርዱ ግን ያለ ቤት ጉብኝት አይታደስም። ጋሼ "ትምጣ" አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። እማዬስ?

ረቡዕ፣ ጥር 28
ሠራተኛዋ መጣች። እማዬን ጎረቤት ልንልካት አስበን ነበር፣ እንግዳ ጥዬ የትም አልሄድም አለች። ሴትየዋ ጣራውን አየች፣ የምንተኛበትን አየች፣ ጻፈች። አስተዋይ ናት፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ጮክ ብላ አላነበበችም፣ ቅጹን ወደኛ አዙራ በጣቷ አሳየችን። መድኃኒቱን የሚወስድ ስንት ሰው አለ ይላል። እኔ እግሬን አየሁ።
"ሁለት" አለ ጋሼ።
"ምን ሁለት?" አለች እማዬ።
ጋሼ ነገራት። የሱንም የኔንም፣ ሠራተኛዋ ፊት። አጭር ነበር። ሴትየዋ ፈርማ፣ እማዬን እጅ ነስታ ወጣች።
እማዬ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። ትጮሃለች ስል አልጮኸችም። አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች።
"ከሁለታችሁ ብቻውን ብዙ የቆየው ማነው?"
"እኔ" አለ ጋሼ። "ሰባት ዓመት።"
ተነስታ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ያንን ቀለም የማይለቀው እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው።
እኔ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያች ሰዓት፣ በወንድሜ ቀናሁ። አራት ዓመትስ ትንሽ ነው እንዴ? ምን እንደምሆን ግራ ገባኝ፣ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በሌላ ጎኗ ቦታ እንዳለ አየሁ። ማንም አልጠራኝም። ሄጄ ተቀመጥኩ።